የእንግሊዝኛ ንባብ ልምምድ በዕለት ኑሮ፣ በሥራና በትምህርት ጽሑፎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ የእንግሊዝኛ ቃላቱ በድምፃቸው በፊደላችን ተጽፈዋል።

እንግሊዝኛ ማንበብ ለመጀመር ስንት ቃል ማወቅ አለብኝ?

በብዛት የሚዘወተሩት 2,000 ያህል ቃላት የአንድን ተራ ጽሑፍ አብዛኛውን ክፍል ይሸፍናሉ፤ መነሻው እዚያ ነው። ጋዜጣና ልብ ወለድ ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ እንደሚያስፈልግ ተመራማሪው ፖል ኔሽን በ2006 እ.ኤ.አ. አስልቷል። «ወርክ»፣ «ወርከር»፣ «ወርኪንግ» አንድ ቤተሰብ ተብለው ነው የሚቆጠሩት። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ፤ የፋርማሲ ወረቀት፣ የመብራት ቢል ወይም የትምህርት ቤት ማስታወቂያ የሚደጋግማቸው ቃላት ጥቂት ናቸው።

አንድ ጽሑፍ ለደረጃችሁ ልክ መሆኑን ለማወቅ ከመካከሉ 100 ቃል ቁጠሩ። የማታውቁት ሁለት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ያለ መዝገበ ቃላት አንብቡት። ከሦስት እስከ አምስት ከሆነ መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ ይኑር። ከዚያ በላይ ከሆነ ለጊዜው ተዉት፤ እየቆፈራችሁ እንጂ እያነበባችሁ አይደለም። መድኃኒትና ውል ብቻ ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው፤ እነሱ ላይ ያልገባችሁ አንድ ቃል እንኳ መታለፍ የለበትም።

ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ግን ምንም አይገባኝም። ለምን?

ፊደል የቆጠረ ሰው አማርኛ ሲያይ ድምፁ ወዲያው ይወጣለታል። እንግሊዝኛ እንዲህ አይደለም። «ሪሲት» (ደረሰኝ) ውስጥ «ፒ»፣ «ዴት» (ዕዳ) ውስጥ «ቢ»፣ «አይላንድ» (ደሴት) ውስጥ «ኤስ» ይጻፋሉ እንጂ አይነበቡም። ጮክ ብላችሁ ስታነቡ አእምሯችሁ ድምፁን በመፈለግ ይጠመዳል፣ ለትርጉሙ የሚተርፍ ጉልበት የለውም።

ስለዚህ ሁለቱን ሥራዎች ለዩ። መጀመሪያ በዝምታ ለትርጉም አንብቡ፤ ቀጥሎ ድምፅ ያለው ጽሑፍ ከሆነ እያዳመጣችሁ በዓይን ተከተሉ፤ ጮክ ብሎ ማንበብ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ጮክ ብሎ ማንበብ ራሱ የሚፈተንበት ቦታም አለ። ለአሜሪካ ዜግነት በሚሰጠው ቃለ መጠይቅ አመልካቹ ከሦስት ዓረፍተ ነገር ቢያንስ አንዱን በትክክል ማንበብ አለበት። ዕድሜያቸው 50 ሞልቶ በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖሩ፣ ወይም 55 ሞልቶ 15 ዓመት የኖሩ ሰዎች ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ናቸው።

ከምን ዓይነት ጽሑፍ ልጀምር?

ዛሬ ወይም ነገ አንድ ነገር እንድታደርጉ ከሚጠይቃችሁ ወረቀት ጀምሩ፦ የመድኃኒት ትእዛዝ፣ የቀጠሮ ካርድ፣ የስልክ ቢል፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣው ደብዳቤ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ አጭር ነው፣ ይደጋገማል፣ በትክክል ማንበባችሁንም ውጤቱ ራሱ ይነግራችኋል። ቀጥሎ የሥራ ጽሑፍ፣ ከዚያ የትምህርት ጽሑፍ ይከተላል፤ የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት የሚያድገውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

በተረት መጽሐፍ መጀመር መጥፎ አይደለም። ነገር ግን የልጆች ተረት ቀላል ነው የሚባለው እንግሊዝኛን በጆሮው ለሚያውቅ ልጅ ነው። በተረቱ ውስጥ ያሉት የእንስሳት ጩኸቶችና የድሮ አነጋገሮች ለአዋቂ ጀማሪ ከመብራት ቢል ይከብዳሉ። ነፃ የልምምድ ጽሑፍ ለሚፈልግ የብሪትሽ ካውንስል የመማሪያ ገጾች በደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው፤ በቀላል እንግሊዝኛ የሚጻፈው ዊኪፒዲያም ለመካከለኛ አንባቢ ይሆናል።

የመድኃኒት ወረቀት ላይ ምን ምን ማየት አለብኝ?

አራት ነገሮችን በተራ ፈልጉ፦ መጠን፣ በቀን ስንቴ፣ በምን ሁኔታ፣ እስከ መቼ። «ትዋይስ ዴይሊ» በቀን ሁለቴ ነው። «ኤቭሪ ኤይት አወርስ» በየ8 ሰዓቱ፣ ማለትም በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስቴ ነው፤ «ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር» ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም ሌሊቱም ይቆጠራል። «አዝ ኒድድ» ካለ ሕመም ሲኖር ብቻ ይወሰዳል። «ኦን አን ኤምፕቲ ስተመክ» በባዶ ሆድ፣ «ዊዝ ፉድ» ከምግብ ጋር ነው። «ፎር ኤክስተርናል ዩዝ» የሚል ካያችሁ ለቆዳ ብቻ ነው፣ አይዋጥም።

በልጆች ሽሮፕ ላይ የሚያሳስቱት ሁለቱ አጭር ጽሑፎች የሻይ ማንኪያና የሾርባ ማንኪያ ምልክቶች ናቸው። የመጀመሪያው ቲ፣ ኤስ፣ ፒ ተብሎ ይጻፋል፣ 5 ሚሊ ሊትር ነው። ሁለተኛው ቲ፣ ቢ፣ ኤስ፣ ፒ ሲሆን 15 ሚሊ ሊትር ነው። አንዲት «ቢ» መጠኑን ሦስት እጥፍ ታደርገዋለች። የቤት ማንኪያም አንድ ዓይነት ስላልሆነ ከሽሮፑ ጋር በመጣው መለኪያ ስፈሩ።

ካርቶኑ ላይ «አክቲቭ ኢንግሪዲየንት» የሚለውን መስመር ማንበብ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። እኛ ፓራሲታሞል የምንለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ አሴታሚኖፌን ይባላል፤ በብዙ የጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ተደባልቆ ይሸጣል። ስሙን ያላወቀ ሰው ሁለቱንም ደርቦ ይወስዳል። ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራም ከሆነ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። ከዚያ በላይ ጉበት ይጎዳል።

ቀንና ሰዓት ሳነብ ለምን እሳሳታለሁ?

ሦስት ወጥመዶች ስለተደራረቡ ነው። አንደኛው የአጻጻፍ ቅደም ተከተል ነው። 05/08/2026 በአሜሪካ ወረቀት ላይ ሜይ 8 ነው፣ በእንግሊዝና በብዙው ዓለም ኦገስት 5። በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ሚያዝያ 30፣ ሁለተኛው ሐምሌ 29 ቀን 2018 ነው፤ የሦስት ወር ልዩነት ማለት ነው። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ከ12 ከበለጠ ቀኑ እሱ ነው። ሁለቱም 12 ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ወረቀቱ የየት አገር እንደሆነ እዩ። ኦገስትን «ነሐሴ» ብሎ ማለፍም ያሳስታል፤ የኦገስት የመጀመሪያ ቀናት ገና ሐምሌ ናቸው።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። 9:00 ኤኤም የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ቀጠሮውን በቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ስትጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደጻፋችሁት አብራችሁ ምልክት አድርጉ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። «ባይ ፍራይዴይ» እና «አንቲል ፍራይዴይ» ሁለቱም በአማርኛ «እስከ ዓርብ» ይባላሉ። የመጀመሪያው ግን «ዓርብ ሳያልፍ አስረክቡ» ነው፤ ረቡዕ ብታስረክቡ ጨርሳችኋል። ሁለተኛው «እስከ ዓርብ ይቀጥላል» ነው። በማመልከቻ ቅጽ ላይ የምታገኙት ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያውን ነው።

እያንዳንዱን ቃል ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ ማንበብ ትክክል ነው?

ለአጭር ትእዛዝ ይሠራል፣ ለረጅም ዓረፍተ ነገር አይሠራም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ገላጩንም ከስሙ በፊት ያመጣል። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ይገለብጣል። «ትናንት ከናዝሬት የመጣው ሾፌር» የምንለውን እንግሊዝኛ «ሾፌሩ፣ ትናንት ከናዝሬት የመጣው» ብሎ ነው የሚያስቀምጠው። ቃል በቃል የሚተረጉም አንባቢ ሾፌሩ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ምን እንዳደረገ እስኪደርስበት ድረስ መጀመሪያውን ይረሳዋል።

መፍትሔው በእርሳስ ነው። በመጀመሪያ ዋናውን ግስ አስምሩበት። ቀጥሎ «ማን አደረገ?» ብላችሁ ባለቤቱን ከግሱ በፊት ፈልጉ። «ሁ»፣ «ዊች»፣ «ዛት» ከሚሉት ቃላት የሚጀምረውን ገላጭ በቅንፍ ክበቡትና ዓረፍተ ነገሩን ቅንፉን ዘላችሁ አንብቡ። ትርጉሙ ከተገለጠ በኋላ ወደ ቅንፉ ተመለሱ። በቀን አምስት ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮችን እንዲህ ከበተናችሁ በጥቂት ሳምንት እርሳሱን ትተዉታላችሁ፣ ዓይናችሁ ራሱ ይከብባል።

በስልክ ካሜራ የሚተረጉመውን መተግበሪያ ብጠቀም ምን ችግር አለው?

ለመንገድ ምልክት፣ ለምግብ ዝርዝር ጥሩ ነው። ለልምምድ ግን ራሳችሁ አንብባችሁ የተረዳችሁትን በአንድ መስመር ከጻፋችሁ በኋላ ብቻ ለማመሳከሪያ ተጠቀሙበት። ወደ አማርኛ ሲተረጉም አሉታውን የሚጥልበት ጊዜ አለ፤ «አትውሰድ» የነበረው «ውሰድ» ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በመድኃኒትና በውል ላይ ብቻውን አይታመንም። ፓስፖርት ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ያለበትን ሰነድም ዝም ብላችሁ አትለጥፉበት።

በቀን ስንት ደቂቃ?

25 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ይበቃል። አምስቱን ደቂቃ የትናንቱን ጽሑፍ ድገሙበት፣ አሥራ አምስቱን አዲስ አንብቡ፣ በቀሪው አምስት ቃላት ከነዓረፍተ ነገራቸው ጻፉ። እሑድ ሦስት ሰዓት ከማንበብ ይህ ይሻላል።

ለንግድና ለቢሮ ሥራ የትኞቹን ሰነዶች ልለማመድባቸው?

ኢሜይል፣ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ)፣ ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ)፣ የደሞዝ ወረቀት፣ የጨረታ ሰነድ፤ በዚህ ቅደም ተከተል። ኢሜይሉን ከላይ ወደ ታች አታንብቡት። ርዕሱን፣ ከዚያ የመጨረሻውን አንቀጽ እዩ፤ የሚጠይቃችሁ ነገር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ፕሮፎርማ ላይ ደግሞ ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት ከሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። «ኤክስክሉሲቭ ኦፍ ቫት» የሚል ካለ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ አልተጨመረም፤ በ100,000 ብር ላይ 15,000 ብር ይመጣባችኋል። «ኢንክሉሲቭ» ካለ ተጨምሯል። «ቫሊዲቲ 30 ዴይስ» ዋጋው የሚጸናው 30 ቀን ብቻ ነው ማለት ነው። «ሰብጀክት ቱ» የሚለውን ስታዩ ቁሙ፤ ከኋላው የሚመጣው ነገር ካልተሟላ ስምምነቱ አይጸናም።

አስመጪዎች የሚከራከሩባቸው ሁለቱ ምህፃረ ቃላት ኤፍኦቢ እና ሲአይኤፍ ናቸው። ኤፍኦቢ ሻንጋይ ካለ ሻጩ ዕቃውን ሻንጋይ መርከብ ላይ ሲጭን ኃላፊነቱ ያበቃል፤ የመርከብ ኪራዩና ኢንሹራንሱ የገዢው ነው። ሲአይኤፍ ጅቡቲ ካለ ሁለቱንም እስከ ጅቡቲ ወደብ ሻጩ ይከፍላል። ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ ያለው ትራንስፖርት ግን ውስጡ የለም። ሌላም አለ፦ በሲአይኤፍም ቢሆን ዕቃው ቢጎዳ ሥጋቱ ወደ ገዢው የሚዞረው መነሻው ወደብ ላይ መርከብ ላይ ሲጫን ነው። «ሻጩ እስከ ጅቡቲ ከፍሏል» የሚለውን «እስከ ጅቡቲ ተጠያቂ ነው» ብሎ ያነበበ ነጋዴ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ትርጉም አይሰጥም። ምን ነካኝ?

የምታውቁት አንዱን ትርጉም ብቻ ስለሆነ ነው። የእንግሊዝኛ አጫጭር ቃላት እንደየቦታው ልብስ ይቀይራሉ። «ኔት» የተባለውን ተመልከቱ፦ በደሞዝ ወረቀት ላይ ተቆራርጦ እጅ የሚገባው ነው፣ በዱቄት ከረጢት ላይ ማሸጊያውን ሳይጨምር ያለው ክብደት ነው፣ በኢንቮይስ ላይ «ኔት 30» ካለ በ30 ቀን ውስጥ ክፈሉ ማለት ነው። «ቻርጅ» ስልክ ላይ ኃይል መሙላት፣ ባንክ ውስጥ የአገልግሎት ክፍያ፣ ፖሊስ ጣቢያ ክስ ነው። ተማሪ «አውትስታንዲንግ» ሲባል ጎበዝ ነው፤ ሒሳብ «አውትስታንዲንግ» ሲባል ያልተከፈለ ዕዳ አለ። ሁለተኛውን በመጀመሪያው ትርጉም አንብቦ የተደሰተ ተከራይ አይጠፋም።

ለእነዚህ ቃላት ደብተራችሁን በፊደል ተራ ሳይሆን በቦታ ክፈሉት፦ ባንክ፣ ሆስፒታል፣ ቤት ኪራይ፣ ትምህርት ቤት። አንድ ቃል በሦስት ገጽ ላይ ሦስት ትርጉም ይዞ ቢጻፍ ድግግሞሽ አይደለም።

ውልና ሕግ የማንበብ ልምምድ ያለ አስተማሪ ይቻላል?

ይቻላል፤ ለአማርኛ አንባቢ የተዘጋጀ የሚመስል መልመጃም አለ፦ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ። አዋጆቹ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማሉ፤ ልዩነት ቢገኝ የአማርኛው ይጸናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ውሰዱ። በአማርኛው ዓምድ 1156/2011፣ በእንግሊዝኛው 1156/2019 ተብሎ ነው የሚገኘው፣ ሁለቱም አንድ አዋጅ ነው። አማርኛውን በወረቀት ሸፍኑና ስለ ዓመት ፈቃድ የሚናገረውን አንቀጽ 77 በእንግሊዝኛ አንብቡ። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ስንት የሥራ ቀን ይሰጣል? መልሳችሁን ጽፋችሁ ወረቀቱን አንሡ። 16 ካላችሁ ልክ ናችሁ። በአንድ ቁጭታ ከሁለት አንቀጽ አትለፉ።

በውል ውስጥ ክብደት ያላቸው ትንንሾቹ ናቸው። «ሻል» ግዴታ ነው፣ «ሜይ» መብት ወይም ፈቃድ። «አንለስ» «ካልሆነ በቀር» ሲሆን «ፕሮቫይድድ ዛት» «ይህ እስከተሟላ ድረስ» ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄድ ሰው በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል ይሰጠዋል፤ በሳዑዲና በኤምሬትስ ክርክር ሲነሣ የሚጸናው የዐረብኛው ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛውን በደንብ ማንበብ ቢጠቅምም ደሞዙን፣ የሥራ ሰዓቱንና የውሉን ዘመን ዐረብኛ ከሚያነብ ሰው ጋር ቁጥር በቁጥር ሳታመሳክሩ አትፈርሙ።

የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነብኝ። እንዴት ልያዘው?

መጽሐፉን እንደ ታሪክ ከመጀመሪያው መስመር አትጀምሩት። ርዕሶቹን፣ ሥዕሎቹንና ከሥራቸው ያለውን ጽሑፍ፣ በምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን ጥያቄዎች በአምስት ደቂቃ እዩ። ከዚያ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። የሳይንስ ቃላት የሚያስፈሩት በርዝመታቸው ነው፤ ሲቆራረጡ ግን ይገራሉ። «ፎቶ» ብርሃን፣ «ሃይድሮ» ውኃ፣ «ባዮ» ሕይወት፣ «ጂኦ» ምድር ነው፤ «ፎቶሲንተሲስ» በብርሃን አማካኝነት ማዋሐድ ይሆናል።

ተማሪን ይበልጥ የሚጥሉት ግን በሁሉም ትምህርት ውስጥ የሚመላለሱት መካከለኛ ቃላት ናቸው፦ «አሲዩም» (መገመት)፣ «ሲግኒፊካንት» (ጉልህ)፣ «ኮንስቲቲውት» (መመሥረት) የመሳሰሉት። መምህሩ የፊዚክሱን ቃል ያብራራል፣ እነዚህን ግን ታውቋቸዋላችሁ ብሎ ያልፋል። አቬሪል ኮክስሄድ የምትባል ኒውዚላንዳዊት ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. 570 እንዲህ ያሉ የቃል ቤተሰቦችን ዘርዝራለች። በሳምንት 15 ብትይዙ ከዘጠኝ ወር ባልበለጠ ጊዜ ይጠናቀቃል።

አይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ላይ ጊዜ አይበቃኝም። ፍጥነቴን እንዴት ልጨምር?

መጀመሪያ ፍጥነታችሁን ለኩ። 300 ቃል ያለው ጽሑፍ በ150 ሰከንድ ካነበባችሁ በደቂቃ 120 ቃል ነው። የአካዳሚክ ንባብ ፈተናው ሦስት ፓሴጅ (የንባብ ጽሑፍ)፣ 40 ጥያቄ፣ 60 ደቂቃ ነው፤ ጽሑፎቹ አንድ ላይ ከ2,150 እስከ 2,750 ቃል ይሆናሉ። በደቂቃ 100 ቃል የሚያነብ ሰው 2,750ውን ቃል አንድ ጊዜ ለመጨረስ ብቻ 27 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል፤ በ150 ከሆነ 18 ደቂቃ ያህል ነው። ትርፉ ለጥያቄዎቹ ነው።

ፍጥነት የሚመጣው በቀላል ጽሑፍ ነው፣ በከባድ አይደለም። አንድ ቀላል 300 ቃል በሰዓት ይዛችሁ ሦስት ጊዜ በተከታታይ አንብቡ፣ ሦስቱንም ጊዜያት መዝግቡ፤ በማግስቱ ሌላ ጽሑፍ። ፈተናው ላይ ደግሞ ለአንድ ፓሴጅ 20 ደቂቃ ሲሞላ ወደ ቀጣዩ ፓሴጅ እለፉ። የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማይቀንስ ባዶ አትተዉ። በወረቀት የምትፈተኑ ከሆነ በንባቡ ክፍል መልስ ለመገልበጫ የሚጨመር ደቂቃ የለም። «ከሁለት ቃል ያልበለጠ» ተብሎ ሦስት ከጻፋችሁ መልሱ ልክ ቢሆንም ነጥብ የለውም፤ የፊደል ግድፈትም እንዲሁ ያስጥላል።

በአይኤልትስ ንባብ «ሐሰት» እና «አልተጠቀሰም» የሚሉትን መልሶች እንዴት ልለይ?

ጽሑፉ «ፋብሪካው በመጀመሪያው ዓመት 40 ሰዎች ቀጠረ» ይላል እንበል። «በመጀመሪያው ዓመት ከ50 በላይ ሰዎች ተቀጠሩ» የሚለው ሐሰት ነው፤ 40 የሚለው ቁጥር ይቃረነዋል። «ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ» የሚለው ግን አልተጠቀሰም። ሐሰት ለማለት የሚቃረነውን ቃል በጣታችሁ ማሳየት መቻል አለባችሁ። ጣታችሁ የሚያርፍበት ከሌለ አልተጠቀሰም። ጎበዝ ተማሪዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ከራሳቸው ዕውቀት ስለሚጨምሩ ነው።

ጽሑፉን በትክክል ያነበብኩ መስሎኝ ተቃራኒውን እረዳለሁ። ለምን?

አማርኛ አሉታውን ግሱ ላይ ከሁለት ወገን ያስረዋል፦ «አልመጣም» ሲባል ፊቱም ኋላውም ይናገራል። እንግሊዝኛ ግን አሉታውን በአንዲት ትንሽ ቃል ይሸሽገዋል፤ አንዳንዴም «ኖት» የሚለው ቃል ጨርሶ የለም። «ሃርድሊ» እምብዛም፣ «ፌይልድ ቱ» ሳያደርግ ቀረ፣ «ኤክሰፕት» በስተቀር፣ «ኖ ሌተር ዛን» ከዚያ ሳያልፍ ነው። «ፌይለር ቱ ፔይ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ስለ ሽንፈት አያወራም፤ ካልከፈላችሁ ምን እንደሚከተል ነው የሚናገረው።

ሁለት አሉታ ሲገናኙ ይብሳል። «ኖት አንኮመን» ማለት ብርቅ አይደለም፣ እንዲያውም ያጋጥማል ነው። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲገጥማችሁ አሉታዎቹን በቀይ አስምሩና ቁጠሩ፤ ከዚያ ሐሳቡን ያለ አሉታ በአማርኛ ጻፉት። «ኖ ሪፈንድ አንለስ ዘ አይተም ኢዝ አንኦፕንድ» የሚለው የሱቅ ማስታወቂያ ሦስት አሉታ አለው፤ ሲፈታ «ገንዘባችሁ የሚመለሰው ዕቃው እንደታሸገ ከሆነ ብቻ ነው» ይሆናል። ካርቶኑን ቤት ወስዳችሁ ከመቅደዳችሁ በፊት ማንበብ ያለባችሁ መስመር ይሄ ነው።